ለወገብ ሕመም ብር ስታወጡ፦ ፍራሽ፣ ወንበር፣ ቀበቶ፣ ወጌሻ ወይስ ሌላ?

ባለፈው ወር ሀዋሳ ሰፈራችን ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ወገቤን ቆረጠኝ» አሉ። «ልጆቼ ፍራሽ እንግዛልሽ ይላሉ። ጎረቤቴ ቀበቶ ታጠቂ ትለኛለች። እህቴ ደግሞ ወጌሻ ጋ ካልሄድን ብላ ይዛኛለች። አንተ በዚህ ነገር ተፈትነሃል፣ የቱ ይሻለኛል?»

እውነታቸውን ነው፣ ተፈትኛለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ወገቤ ያዘኝና ጫማዬን ማሰር እንኳ አቃተኝ። መጀመሪያ ቀበቶ ገዛሁ። ቀጥሎ «ሜዲካል ነው፣ ወገብ ያድናል» ተብዬ እንደ ጣውላ የደረቀ ፍራሽ ገዛሁ። ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ የሄድኩት መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ መሆን የነበረበትን መጨረሻ አደረግኩት፣ ብዙ ብርና ብዙ ወራት በዚያ መሀል ሄዱ።

ለሴትየዋ መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። «ቀኑን እንዴት ነው የሚውሉት?» ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምረው፣ መሬት ላይ ከተቀመጠ ምጣድ ፊት፣ በርጩማ ላይ ጎንበስ ቀና ሲሉ ነው የሚውሉት። ፍራሽ ይህንን ሰዓት አይነካውም። ቀበቶም አያሳጥረውም። እኔም ያኔ ራሴን ይህን ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ብሬን ሌላ ቦታ ባዋልኩት ነበር።

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት

አንዳንድ የወገብ ሕመም በግዢ አይፈታም። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ በጭናችሁ መሀልና በመቀመጫችሁ አካባቢ ከደነዘዛችሁ፣ ወይም እግራችሁ እየዛለ ከሄደ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂዱ። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመምም እንዲሁ መታየት አለበት።

ሌላው ቶሎ መታየት ያለበት ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር የሚመጣ፣ ተኝታችሁም የማይተው ሕመም ነው። የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪንም ይይዛል። አገራችን ውስጥ ያለ በሽታ ነው፣ በመድኃኒት ይድናል። ሳይታወቅ በመታሸትና በማስታገሻ ከዘገየ ግን አጥንቱን ይበላል፣ ጀርባን ያጎብጣል፣ እግርንም ሊያሽመደምድ ይችላል።

ስለ ኩላሊትም አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ ወገቡን የያዘው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴ ነው» ይላል። ኩላሊት ሲታመም ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከጎድን አጥንት በታች በአንድ ጎን ይሰማል፣ ትኩሳት ወይም የሽንት ለውጥ ሊኖረው ይችላል። ስትጎነበሱ የሚብስ፣ ስትቀመጡና ስትነሱ የሚለዋወጥ ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ነው። ከተጠራጠራችሁ የሽንት ምርመራ ጤና ጣቢያ ውስጥም ይሠራል።

ወገብን የሚጎዳው የትኛው ልማድ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 የታችኛው ወገብ ሕመም የነበረበት ሰው 619 ሚሊዮን ነው። ከአስሩ ዘጠኙ ላይ ደግሞ ይህ አጥንት ተሰበረ ወይም ይህ በሽታ አለ ተብሎ የሚጠቆም አንድ ምክንያት አይገኝም። ስለዚህ የዕለት ልማዳችንን መመርመር ግድ ይሆናል።

የወገባችን አጥንቶች 5 ናቸው። በመካከላቸው ዲስክ የሚባሉ ትራሶች አሉ። የአዋቂ ሰው ዲስክ የራሱ የደም ሥር የለውም ማለት ይቻላል። ምግቡን የሚያገኘው ከዙሪያው እየመጠጠ ነው። ለዚህም ጫና መፈራረቅ አለበት፣ ስንንቀሳቀስ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል። በአንድ አቀማመጥ ለረጅም ሰዓት ስንቆይ ይህ ይቀንሳል። «ትክክለኛ አቀማመጥ» የሚባለውም ቢሆን ሦስት ሰዓት ከቆየንበት ያደክማል።

ሁለተኛው ልማድ ዝቅታ ነው። ቤታችን ውስጥ ያለው ሥራ ሁሉ መሬት ላይ ነው። ሳፋው መሬት ላይ ነው፣ ምጣዱ መሬት ላይ ነው፣ ሽንኩርት የሚከተፈው መሬት ላይ፣ ቡናው የሚፈላው በርጩማ ላይ ቁጭ ተብሎ ነው። ጉልበት ከዳሌ በላይ ሲወጣ የታችኛው ወገብ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ሌሊት ደግሞ ዲስኮች ውኃ ይመጥጣሉና ጠዋት አበጥ ብለው ይነሳሉ። ጠዋት ከማታው ትንሽ የምንረዝመውም ለዚህ ነው። ከአልጋ እንደወረዱ ወዲያው ጎንበስ ብሎ ልብስ ማጠብ ወይም ጀሪካን ማንሳት ወገብን የሚያስቀይመው ለዚህ ነው።

የቀሩት የታወቁ ናቸው። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ በአንድ እጅ ሲያዝ ሰውነት ይጣመማል። ባጃጅ ቀኑን ሙሉ በኮብልስቶን ላይ ያንገጫግጫል። ማታ ደግሞ ሶፋ ላይ ተጋድመን አንገታችንን ደፍተን ስልክ እናያለን።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን በአራት ጥያቄ ነው የመዘንኳቸው። በቀን ስንት ሰዓቴን ይነካል? የተጠና ማስረጃ አለው? ሕመሙ ተመልሶ እንዳይመጣ ይረዳል ወይስ ለዛሬ ብቻ ነው? ወጪው የአንድ ጊዜ ነው ወይስ የማያቋርጥ? የሱቅና የፋብሪካ ስም ሆን ብዬ አልጠራሁም። ዋጋም በቁጥር አልጻፍኩም፣ ነገ ይለወጣል። የወጪ ደረጃ ብቻ አስቀምጫለሁ።

ፍራሽ

ከሁሉም በላይ ብር የሚፈስበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። «ለወገብ ጠንካራ ፍራሽ ነው የሚሻለው» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የስፔን ጥናት ይህንን ፈትሾታል። ቆየት ያለ የወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ሰዎች ግማሹ ጠንካራ፣ ግማሹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ላይ 90 ቀን ተኙ። የተሻላቸው መካከለኛው ላይ የተኙት ናቸው። እኔም የገዛሁት ደረቅ ፍራሽ ትከሻዬንና ዳሌዬን አሳመመኝ እንጂ ወገቤን አልፈወሰውም።

ለመለየት እንዲህ አድርጉ። ሱቅ ውስጥ በእጅ መጫን አይበቃም። ጫማችሁን አውልቁና በጎናችሁ አሥር ደቂቃ ተኙበት። ሻጩ ቢጣደፍም አትፍሩ፣ ብሩ የእናንተ ነው። አብሯችሁ ያለ ሰው ከጀርባ ይያችሁ። አከርካሪያችሁ ከአንገት እስከ ዳሌ ቀጥ ካለ ደህና ነው። ዳሌ ከሰጠመ ለስልሷል፣ ትከሻ ከተሰቀለ ደርቋል። ባልና ሚስት አብራችሁ ሞክሩ፣ የክብደት ልዩነት ካለ ፍራሹ ወደ አንዱ ያዘነብላል።

ስፖንጅ ስትገዙ ውፍረቱን ብቻ አትዩ። ወፍራም ሆኖ አየር የሞላው ስፖንጅ ቶሎ ይሰጥማል። ተመሳሳይ መጠን ካላቸው ሁለት ስፖንጆች ከበድ የሚለው ብዙውን ጊዜ ይቆያል። ስፕሪንግ ከሆነ ጠርዙ ላይ ተቀመጡና ሽቦው ይሰማችሁ እንደሆነ እዩ። የጥጥ ፍራሽ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አትናቁት። የሚያስቸግረው ጥጡ ሲቋጠር ነው፣ ተፈትቶ ተነድፎ ፀሐይ ሲሞቅ ይመለሳል። ፍራሽ አዳሽ የሚባለው ሙያ ለዚህ ነበር።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አሮጌውን ፈትሹት። የመጥረጊያ እንጨት ፍራሹ ላይ አግድሙት። መሀሉ ላይ እንጨቱ ሥር እጃችሁ በቀላሉ ከገባ ፍራሹ ሰጥሟል። ቀጥሎ ፍራሹን አንሱና አልጋውን እዩ። ብዙ ጊዜ የረገበው የአልጋው ርብራብ ነው። ያኔ ኮምፔርሳቶ ቆርጦ ማንጠፍ ይበቃል።

ፍራሽ መቀየር ትርጉም የሚኖረው ጠዋት ስትነሱ ብሶባችሁ፣ ቀን ላይ ስትንቀሳቀሱ የሚተዋችሁ ከሆነ ነው። ጠዋት ደህና ተነስታችሁ ማታ ማታ የሚያማችሁ ከሆነ ግን መንስኤውን አልጋችሁ ላይ አትፈልጉት።

ወንበር

ቢሮ፣ ባንክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ለሚውል ሰው ጥሩ ወንበር ጥቅም አለው። ጥሩ የሚባለው እግር መሬት የሚያስረግጥ፣ ጉልበትን ከዳሌ በላይ የማያወጣ፣ የወገብን ጎድጓዳ ቦታ የሚደግፍ ነው። ትልቅና ቆዳ ለበስ መሆኑ ምንም ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ መቀመጫቸው ከመርዘሙ የተነሳ ሰው ወደ መደገፊያው ሳይደርስ ይቀራል። ተደግፋችሁ ስትቀመጡ ከጉልበታችሁ ጀርባ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር።

አዲስ ወንበር የሚገዛ ብር ከሌለ ፎጣ ጠቅልላችሁ ወገባችሁ ላይ አድርጉ። ላፕቶፑን በመጻሕፍት ከፍ አድርጉት። ይህ ከነፃ አይተናነስም። ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ። ስልክ ሲጠራ ቆማችሁ ማውራት ብትለምዱ ማስታወሻ አያስፈልጋችሁም።

የወገብ ቀበቶ

ፋርማሲ ሁሉ ተሰቅሎ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባወጣው መመሪያ ላይ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም በመደበኛነት አይሰጡ ካላቸው ነገሮች አንዱ ይህ ቀበቶ ነው። ዕቃ ለሚያነሱ ሠራተኞችም ሕመሙን አስቀድሞ ይከላከላል የሚል ጥሩ ማስረጃ የለም። ሐኪም ከስብራት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያዘዘው የተለየ ነው፣ እሱን አድርጉ። ከዚያ ውጪ ብራችሁን ያዙ።

ወጌሻና ማሳጅ

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፣ ወጌሻን የሚያምን ሰው ብዙ ነው፣ ያለ ምክንያትም አይደለም። መታሸት ጡንቻን ያላላል፣ እፎይ ያሰኛል። ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ ማሳጅን እንደ አንድ ደጋፊ ሕክምና ይቀበለዋል። እፎይታው ግን አይቆይም፣ ወደ ሥራ ስትመለሱ ይመለሳል።

የማስጠነቅቀው ከባዱን ነው። ጀርባ ላይ መቆም፣ በኃይል መጠምዘዝ፣ አንገት ማንቋቋት። እግሩ የሚደነዝዘው፣ በዕድሜ የገፋ፣ ወይም ከላይ የጠቀስኳቸው ምልክቶች ያሉበት ሰው ይህ እንዲደረግበት አይፍቀድ።

ማስታገሻ

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ከባድ ሕመምን ያስታግሳሉ። ለሳምንታት እየገዙ መዋጥ ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ሁለቱን አንድ ላይ አትውሰዱ። ጨጓራ፣ ግፊት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበትና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

ፊዚዮቴራፒ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሙቀት የሚያደርግ ወይም ማሽን የሚያስር ሰው ብቻ አይደለም። ጥሩው ባለሙያ ቀናችሁን እንዴት እንደምትውሉ ይጠይቃል፣ እንዴት እንደምትጎነበሱ ያያል፣ ቤት የምትሠሩትን እንቅስቃሴ ያስተምራል። ለእኔ የተሰጡኝ አራት እንቅስቃሴዎች ነበሩ። ለውጥ ያየሁት ወደ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። ሄዳችሁ ማሽን ብቻ አስረው የሚልኳችሁ ከሆነ «ቤት የምሠራው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወጪው መካከለኛ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ያላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር አጽፉ። ሪፈር ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

ስለ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ) ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ምንም ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ቢነሱ እንኳ በ50 ዓመት ዕድሜ ከአሥሩ ስምንቱ ያረጀ ዲስክ ይታይባቸዋል፣ ከአሥሩ ስድስቱ ደግሞ ያበጠ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ዲስክ» የሚል ቃል ስላያችሁ ብቻ አትደንግጡ። የአደጋ ምልክት ከሌለና ሐኪም ካላዘዘ በራሳችሁ ብር ኤምአርአይ አትነሱ።

የእግር ጉዞ

ከሁሉም ያስደነቀኝ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት በቅርቡ ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን ተከታተለ። አንዱ ቡድን ባለሙያ እያገዘው ቀስ በቀስ እስከ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን መራመድን ለመደ። ሌላው ምንም የተለየ ነገር አልተደረገለትም። ሕመሙ እስኪመለስ የፈጀው መካከለኛ ጊዜ ለማይራመዱት 112 ቀን፣ ለሚራመዱት 208 ቀን ሆነ።

ለዚህ ደግሞ ሀዋሳ የታደለች ናት። ከተማው ሜዳ ነው። ከገብርኤል አደባባይ ወደ ሐይቁ የሚወስደው ጎዳና ዳገት የለውም፣ የሐይቁ ዳር ጠዋት ቀዝቃዛ ነው። ከፍቅር ሐይቅ ወደ አሞራ ገደል በሐይቁ አቅጣጫ መራመድ ይቻላል። ስትጀምሩ አሥር ደቂቃ ይበቃል፣ በየሳምንቱ ጨምሩ። ታቦር ተራራን ለሌላ ጊዜ አቆዩት፣ ቁልቁለቱ ላልለመደ ጉልበትና ወገብ አይመችም።

ሕመሙ አዲስ ከሆነና ከያዛችሁ ጥቂት ቀን ቢሆንም ተኝታችሁ አትክረሙ። አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻላል፣ የቻሉትን ያህል መንቀሳቀስ ይበልጥ ያፋጥነዋል።

የሥራ ቦታን ከፍ ማድረግ

ማንም አይሸጠውም፣ ስለዚህ ማንም አያስተዋውቀውም። ሳፋውን አግዳሚ ላይ አድርጋችሁ ቆማችሁ እጠቡ። ሽንኩርቱን ጠረጴዛ ላይ ክተፉ። መወልወያው ረጅም እጀታ ይኑረው። 20 ሊትሩን ጀሪካን ለሁለት 10 ሊትር ከፍላችሁ በሁለት እጅ ያዙ። ከመሬት ስታነሱ ከጉልበት እጠፉ፣ ዕቃውን ወደ ሆዳችሁ አስጠጉ፣ ይዛችሁ አትጠምዘዙ፣ በእግራችሁ ዙሩ።

| አማራጭ | የሚነካው ሰዓት | ማስረጃው | እንዳይመለስ ይረዳል? | ወጪው |
|---|---|---|---|---|
| ፍራሽ | ሌሊት | ለመካከለኛ ጥንካሬ አለ | አሮጌው ከሰጠመ ብቻ | ከፍተኛ፣ አንድ ጊዜ |
| ወንበር | የቢሮ ሰዓት | ብቻውን ደካማ | ከመነሳት ጋር አዎ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ቀበቶ | የታጠቁበት ሰዓት | አይመከርም | አይረዳም | ዝቅተኛ |
| ወጌሻ፣ ማሳጅ | ከታሹ በኋላ ጥቂት ቀን | ለማሳጅ መጠነኛ | ብቻውን አይረዳም | የሚደጋገም |
| ማስታገሻ | ሰዓታት | ለአጭር ጊዜ አለ | አይረዳም | የሚደጋገም |
| ፊዚዮቴራፒ | ቀኑን ሙሉ፣ ቤት ከተሠራ | ጥሩ | አዎ | መካከለኛ |
| የእግር ጉዞ | ቀኑን ሙሉ | ጥሩ | አዎ | ጫማ ብቻ |
| ከፍ ያለ የሥራ ቦታ | የሥራ ሰዓት ሁሉ | ከሥራው ጋር ይለያያል | በመጎንበስ ለመጣ ሕመም አዎ | ከምንም እስከ ዝቅተኛ |

ታዲያ እናንተስ?

የቢሮ ሰው ከሆናችሁና ብር ከሌላችሁ፣ ፎጣ፣ መጻሕፍትና የእግር ጉዞ። ብር ካላችሁ በመጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ፣ ከዚያ ወንበር።

ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞች፣ መቀመጫው ላይ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ጨምሩ፣ የወገብ ድጋፍም አብጁለት። ተራ ስትጠብቁ ውስጥ ተቀምጣችሁ ስልክ አትዩ። ውረዱ፣ ወዲያ ወዲህ በሉ። ቀኑን ሙሉ የሚያንገጫግጭ ሥራ ላይ ናችሁና ከዚያ ወርዳችሁ ወዲያው ከባድ ዕቃ አታውርዱ፣ ጥቂት ተራመዱ።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ የምትውሉ እህቶች የወንበራችሁን ዓይነት አትመርጡም። ከፍታው የሚስተካከል ከሆነ ግን አለቃችሁን ጠይቁ። በዕረፍት ሰዓት አትቀመጡ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላችኋል። ቆማችሁ የምትውሉ ደግሞ አንድ እግራችሁን እያቀያየራችሁ ዝቅ ያለ ነገር ላይ አሳርፉ።

ጭነት የምታነሱ፣ ቀበቶ ከመግዛት አንድ ኩንታል ለሁለት ማንሳት ይሻላል። ጋሪ ካለ ጋሪ ይግፋው።

ልጅ የምታዝሉ እናቶች፣ አንቀልባው ከፍ ብሎ ይታሰር፣ ልጁ ወደ ጀርባችሁ ይጠጋ። አዝላችሁ አትጎንበሱ፣ ከጉልበት ተቀመጡ።

እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ፍራሹን አልገዙም። መጥረጊያውን አግድመን አየነው፣ ደህና ነበር። ልጆቻቸው በብሎኬት መደብ ሠሩና ምጣዱን ከፍ አደረጉላቸው። ቁመቱን የለካነው እሳቸውን አቁመን ነው። የምጣዱ ጠርዝ ከክርናቸው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሊጡን ሲያዞሩ ትከሻቸው አይነሳም፣ እንፋሎቱም ፊታቸውን አይመታም። እግራቸው ሥር የታጠፈ ጆንያ አነጠፉ፣ ሲሚንቶው ላይ ለረጅም ሰዓት ቆሞ መዋል ተረከዝ ያሳምማልና። በየአሥር እንጀራው ምጣዱን ከድነው ግቢውን አንድ ዙር ይዞራሉ።